የሚያስነሳ ወንበር

ሮቤ ውስጥ ሶፋ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ሶፋው ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን ጥቂት። ከሱቅ ሲመጣ የለበሰው ላስቲክ ሳይገፈፍ ዓመት ይሞላዋል። ልጆች «ውረዱ!» እየተባሉ ያድጋሉ፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ሶፋቸውን እያዩ ይበላሉ። ቡፌውም ያው ነው። የተደረደረው ብርጭቆ ሰርግ ይጠብቃል፤ ሰርጉ ሲደርስ ደግሞ «ይሰበራል» ተብሎ ብርጭቆ ከጎረቤት ይለመናል። ይህን አይቶ የማይናደድ ሰው ካለ ትዕግሥቱን ያብዛለት።

ጁሀራ ኡመር ቤት ግን ለዓይን ብቻ የተቀመጠ ዕቃ የለም። ጁሀራ የጎሮ ልጅ ናት። ዓብዱልፈታሕን አግብታ ሮቤ ስትገባ የተከራዩት ከወይዘሮ ጣይቱ ግቢ አንዲት ክፍል ነበር፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አልጋ ከገባ ሰው የማይገባበት ስፋት። ወይዘሮ ጣይቱ ቁልፉን ሲሰጧት አንድ ሕግ ብቻ ነገሯት።

«ልጄ፣ ውለጂ፣ እንግዳ ጥሪ፣ ዶሮም አርቢ። ምስማር ግን እንዳትመቺብኝ። ይህን ግድግዳ የመረግነው እኔና ባለቤቴ ነን፤ ነፍሱን ይማረው። አንድ ምስማር በተመታ ቁጥር አንድ እፍኝ ጭቃ ይወርዳል።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች ጁሀራ።

ሌላ ተከራይ ቢሆን ዞር ሲሉለት ይመታ ነበር። ጁሀራ ግን ቃሏን ሰጠች፤ ከዚያ በኋላ ምስማር የሌለበት ቤት እንዴት ቤት እንደሚሆን ስታስብ ከረመች። ልብስ የት ይሰቀል? ድስቱ የት ይቀመጥ? በመጨረሻ ጥግ ላይ አራት የባሕር ዛፍ አጣና ከወለል እስከ ጣሪያ አቆመች፣ በመካከላቸው አግዳሚ እያሰረች ወጣች፤ ነገርየው ግድግዳውን ሳይነካ በራሱ ቆመ። ከላይ ልብስ ተንጠለጠለበት፣ ከመካከሉ ዕቃ ተደረደረበት፣ ከሥሩ ደግሞ በገመድ የሚወርድና የሚታጠፍ ጣውላ ለሁለት ሴት ልጆቿ የጥናት ጠረጴዛ ሆነ። ሜትር እንኳን አልነበራትም። ሁሉንም በስንዝሯ ለካች፣ የመቀመጫውን ቁመት በጉልበቷ ለካች። ለእሷ ከተመቸ ለሁሉም እንደሚመች አልተጠራጠረችም።

ባሏ ዓብዱልፈታሕ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። ስንዴ ሲደርስ የባሌን ሜዳ አጭዶ ወደ አርሲ ይሻገራል። ሌላው ባል ከመንገድ ሲመለስ ስኳርና ሻሽ ይዞ ይገባል፤ እሱ ያለቀ ቺንጋና የተበላ ኩሽኔታ ይዞ ይገባል። «ሻሹስ?» ሲሉት «ሻሽ ባመጣላት ታኮርፋለች» ይላል፤ ውሸቱንም አይደለም። ቺንጋ የማሽኑን መዘውር የሚያዞረው ወፍራም የጎማ ቀበቶ ነው። ጁሀራ በቁመቱ ትሰነጥቀውና የድሮ ሰው አልጋውን በጠፍር እንደሚጠፍረው ሁሉ የወንበር መቀመጫ ትጠፍርበታለች። ሰው ያልቅ እንደሆነ እንጂ ወንበሩ አያልቅም። ኩሽኔታውን ደግሞ ለልጆቹ አልጋ ጎማ አደረገችው፤ ቀን ቀን ከትልቁ አልጋ ሥር እንደ መሳቢያ ይገባል፣ ሲመሽ በአንድ ጣት ስቦ ማውጣት ነው።

ከደሎ መና ማር ከሚያመጣ ነጋዴ ያረጀ የንብ ቀፎ ለመነችና የተለሰነበትን እበት አጥባ አምፖል አለበሰችው፤ መብራቱ በሽመናው ቀዳዳ እየሾለከ ክፍሉን ሁሉ በብርሃን ነጠብጣብ ይሞላዋል። የማዳበሪያ ከረጢት ተርትራ፣ በቀይና በአረንጓዴ ክር ጠልፋ፣ መኝታውን ከሳሎኑ የሚለይ መጋረጃ አደረገች። «ሳሎን» ያልነው እንዳያስቅ፤ ጁሀራ መጋረጃውን ስትዘጋ የገባ እንግዳ በእርግጥም ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ይመስለው ነበር።

ወይዘሮ ጣይቱ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሯ ላይ ይቆማሉ።

«አካም ቡልተ፣ ጁሀራ? ዛሬ ደግሞ ምን ፈጠርሽ?»

«አካም ቡልተን፣ እትዬ! ይግቡ፣ ይዩት።»

ገብተው ያያሉ፣ በእጃቸው ይነካሉ፣ አንዱንም ሳይፈትኑ አይወጡም። ግድግዳውንም ሰረቅ አድርገው ያዩታል። አንድም ቀዳዳ አግኝተው አያውቁም። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላ አከራይና ተከራይ መሆናቸውን ሁለቱም ረስተውት ነበር።

ከዚያ በነሐሴ ጭቃ ወይዘሮ ጣይቱ ግቢው ውስጥ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ጎባ ሆስፒታል ሁለት ወር ተኙ። አጥንቱ ገጠመ፤ በምርኩዝ መራመድም ቻሉ። የከበዳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዴ ከተቀመጡ መነሳት። ሰው በብብታቸው ይዞ ካላነሳቸው ያሉበት ይውላሉ።

አዳማ የሚኖረው አንድ ልጃቸው ፍቅረየሱስ በስልክ ቁርጡን ነገራቸው። «እማዬ፣ ብቻሽን መነሳት የማይሆንልሽ ከሆነ ብቻሽን መኖር አይሆንልሽም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድሻለሁ። ቤቱ ይዘጋል።» ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱ መሬት ላይ ወድቀው ሳይሰማ እንዳይቀር የሚፈራ ልጅ ነው። ወይዘሮ ጣይቱ ግን ስልኩን ከዘጉ በኋላ ጁሀራን «ተክዬ የማላውቀው ዛፍ ሥር ልቀበር ነው» አሏት።

ጁሀራን አንጀቷን በላት። ይህ ነገር በወንበር የሚፈታ መሆኑ ወዲያው ታያት፤ ምን ዓይነት ወንበር እንደሆነ ግን አልታያትም። የምታከብረውን ሰው ምን ላይ ታስቀምጣለህ? ምቹ ነገር ላይ። ምቹ ነገር ምንድን ነው? ለስላሳና ጥልቅ። ይህን የማያውቅ የባሌ ሰው የለም። ስለዚህ ስፖንጅ በሦስት ድርብ አነጠፈች፣ ዙሪያውን እስከ ወለል በጣውላ ደፈነች፣ ቀይ ከፋይ አለበሰችው፤ ያቺ ሶፋ የምትንቅ ሴት ከሱቁ የባሰ ሶፋ ሠራች። ጎረቤት ሁሉ አጨበጨበ። ወይዘሮ ጣይቱ ተቀምጠው መረቋት።

«ተመቸዎት፣ እትዬ?»

«በጣም ነው የተመቸኝ፣ ልጄ። ገለቶሚ። እጅሽ ይባረክ።»

ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። አሮጊቷ ስጦታ ማማት ነውር ሆኖባቸው ዋሹ። ጁሀራም ትልቅ ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ትክ ብሎ ማየት ነውር ስለሆነባት አንገቷን ደፍታ ወጣች። ሁለት ጨዋ ሰዎች ተከባብረው አንድ ወር ሙሉ ተሳሳቱ። ወይዘሮ ጣይቱ ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳቸው እስኪመጣ ከቀዩ ከፋይ ውስጥ ሰምጠው ይጠብቁ ነበር፤ «ዛሬ ደግሞ ወንበሩ አስንፎኛል» ይሉ ነበር እንጂ እውነቱን አልተናገሩም።

ነገሩ የፈነዳው ለገና ሦስት ቀን ሲቀር ነው። የንስሐ አባታቸው አባ ኃይለየሱስ ሊጠይቋቸው መጡ። ጁሀራ ሾርባ ይዛ ከኋላቸው ገብታ ነበር። ወይዘሮ ጣይቱ ቄሱን ሲያዩ ሊነሱ ወገባቸውን ቀና አደረጉ፤ ተመልሰው ወንበሩ ላይ ወደቁ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ሰመጡ። አባ ኃይለየሱስ «ግድ የለም፣ ግድ የለም» እያሉ ጎንበስ ብለው መስቀሉን ወደ ታች ይዘውላቸው መጡ። አሮጊቷ ተሳለሙ። ቄሱ እስኪወጡ ጠብቀው አለቀሱ።

«ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው» አሉ። «ለካህን ሳልነሳ ቀርቼ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይገባብኝ። ልጄ ይምጣና ይውሰደኝ።»

ጁሀራ ሾርባውን አስቀመጠች። አፍራለች፤ ግን በዚያች ሰዓት ያየችው ነገር ከሐፍረቷ በለጠባት። ወይዘሮ ጣይቱ ለመነሳት ሲሞክሩ ተረከዛቸውን ወደ ኋላ ለመሳብ ሲታገሉ አይታለች፤ ተረከዛቸው ግን ሁለቴም የወንበሩን የፊት ጣውላ ነበር የመታው። ሰው ሲነሳ እግሩን ወደ ሥሩ ይሰበስባል። እሷ ያን ቦታ በገዛ እጇ ደፍናዋለች።

«እትዬ» አለች፣ «ይሉኝታዎን ለሌላ ያድርጉት። ወላሂ፣ አሁን የሚዋሹኝ ከሆነ እኔም አብሬዎት አለቅሳለሁ። አንዴ ይነሱና ልይዎት። ልይዎት፣ በዓይኔ!»

ወይዘሮ ጣይቱ እንባቸውን ጠርገው አዩዋት። እንዲህ ያለ ድፍረት ከእሷ ሰምተው አያውቁም። «እሺ፣ እይኝ» አሉ።

ያን ቀን ጁሀራ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ጉልበት ሳይሆን በሌላ ሰው ጉልበት ለካች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከወይዘሮ ጣይቱ ተረከዝ እስከ ጉልበታቸው ክር ዘረጋችና ቋጠረች። እጃቸው ሲደገፍ የት ላይ እንደሚያርፍ ቋጠረች። መጀመሪያ አልጋው ላይ፣ ቀጥሎ ሣጥኑ ላይ፣ ቀጥሎ የጓዳው ከፍ ያለ ዱካ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ከየትኛው ሲነሱ ፊታቸው እንደማይጨማደድ አየች። ቋጠሮ የበዛበትን ያን ክር አንገቷ ላይ አስራ ወጣች።

ሁለት ሳምንት ሠራች። የመጀመሪያው ከፍታው በዛና የወይዘሮ ጣይቱን እግር አንጠለጠለው። ሁለተኛው ሲደገፉበት ወደ ፊት ተደፋ፤ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ ተከለቻቸው። ሦስተኛው ቆመ። ቀይ ከፋይ የለውም። መቀመጫው በቺንጋ ተወጥሮ የተጠፈረ ነው፤ ሰው አይሰምጥበትም። ከፊት ምንም ጣውላ የለውም፤ ተረከዝ እንደ ልቡ ይገባል። መደገፊያዎቹ ከመቀመጫው አልፈው ወደ ፊት የወጡ ናቸው፤ ጫፋቸውን እንደ እንቁላል አድቦልቡላ በመስታወት ስባሪ ፍቃ አለስልሳዋለች፣ መዳፍ ያዝ ሲያደርጋቸው እጅ ይሞላሉ። ስታዩት ውበቱ ወዲያው አይገባችሁም። ከተቀመጣችሁና ከተነሳችሁ በኋላ ግን ሌላ ወንበር ሁሉ ወጥመድ ይመስላችኋል።

ወይዘሮ ጣይቱ አራት ቀን ተለማመዱበት። በሩን ዘግተው ነው፤ ጁሀራም እንድትገባ አልፈቀዱም። በውጭ የሚሰማው የምርኩዝ ኳኳታና «አይ እመቤቴ!» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። «ሆነልዎት?» ብላ በበሩ ስንጥቅ ስትጠይቅ «ሥራሽን ሥሪ» ይሏታል።

ቅዳሜ ደረሰ። ጁሀራ ልቧ አላርፍ ሲላት ገበያ ወጣች። ፍቅረየሱስ በዚያው መሐል መኪናውን ግቢው በር ላይ አቁሞ ገባ። እናቱን አዲሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው፤ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ፊታቸውን ሳመ። እሳቸው ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ያው የፈራው ነው። ልብሳቸውን በአንሶላ ጠቅልሎ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ አሰረና ጥቅሉን መሬት ላይ አኖረው።

«እስቲ ተነሺ፣ እማዬ። ልይሽ።»

«ለማን ብዬ?» አሉ።

ያን ጊዜ ጁሀራ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በሩ ላይ ደረሰች። ጥቅሉን አየችው። ፊቷ ዓመድ መሰለ። «እንደምን... እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ፍቅረየሱስ» አለች።

ወይዘሮ ጣይቱ ተረከዛቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ። መዳፋቸውን በሁለቱ መደገፊያዎች ጫፍ ላይ አኖሩ። ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል አሉና ማንም ሳይነካቸው፣ ምርኩዝም ሳይዙ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኖር!» አሉ።

በዚህ አገር ትልቅ ለታናሽ አይነሳም። የተከራይ ሴት ስትገባ ደግሞ ከነጭራሹ። የጁሀራ ዘንቢል ከእጇ ወደቀ። «በአላህ! በአላህ፣ እትዬ፣ ይቀመጡ! ለእኔ? ያ ረቢ፣ ነውር ነው፣ ይቀመጡ!»

«እማዬ...» አለ ፍቅረየሱስ። «እኔ ስገባ እኮ አልተነሳሽም።»

«አንተ ልጄ ነህ፤ ለልጅ ይነሳል እንዴ?» አሉት፣ ዓይናቸውን ከጁሀራ ሳያነሱ። «ለክብር እንግዳ ነው የሚነሳው። እንግዳዬ እስክትቀመጥ ደግሞ አልቀመጥም። ኮቱ፣ ጁሀራ። ታኢ፣ ተቀመጪ።»

ጁሀራ ዞር ዞር ብላ አየች። ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ የሚታያት ነገር የለም። በቅርብ ያገኘችው ፍቅረየሱስ በገመድ አጥብቆ ያሰረውን ጥቅል ነበር። እሱ ላይ ተቀመጠች፣ በሻሿ ጫፍም ፊቷን ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ወይዘሮ ጣይቱ ተቀመጡ። ፍቅረየሱስ እናቱን አየ፣ ጥቅሉ ላይ የተቀመጠችውን ሴት አየ፤ «ተነሽልኝ» ማለት አልሆነለትም።