የወፍጮው ቺንጋና ያልጨረስኳት ታሪክ

ሰዎች «ይህን የሌባ ፍለጋ ታሪክ መጻፍ ከየት ተማርክ?» ይሉኛል። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል አስቆጥሮ ለቀቀኝ። ሌላውን የተማርኩት ወፍጮ ቤት ነው።

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት ጊዜ፣ በሰፈራ የመጣን ገበሬዎች ከከተማው ራቅ ባለው መንደራችን አንድ የማኅበር ወፍጮ ነበረን። አንድ ጠዋት ቺንጋው፣ ድንጋዩን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ላይ ጠፋ። ያለ ቺንጋ ሞተሩ ብቻውን ይጮሃል እንጂ ድንጋዩ አይዞርም። ሴቶቹ በዚያ ሙቀት በቆሏቸውን ተሸክመው ከተማ ድረስ መሄድ ጀመሩ።

ሽማግሌዎቹ፣ አገር ቤት እንደለመድነው፣ አውጫጭኝ ጠሩ። መንደርተኛው በሙሉ ማንጎው ሥር ይቀመጣል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም እርሻው አይሄድም። ያየ ሰው «እኔ አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ሹክ ይላል። እኔ ቁጭ ብዬ ሰዉን አያለሁ። አንዱ ስለ ቺንጋው ሲጠየቅ ስለ በሬው ይመልሳል። አንዷ ማንም ሳያስምላት ትምላለች። ሌላው ከባሮ ያመጣውን ዓሣ ለማን እንደሰጠ ላለመናገር ላቡ ይወርዳል። ለካ ሁሉም የሚደብቀው አለው፤ የሚደብቀው ግን ቺንጋ አይደለም። እስከ ዛሬ ብዕር የሚያስይዘኝ ይኸው ነው።

ወፊቱ ማንንም ሳትጠራ ቀረች፣ ሰዉም ተበተነ። ሌላ ቺንጋ ከከተማ መጣ። ጥርጣሬው ግን ፈጪው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ በሱ እጅ ነበራ። ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። በፊቱ የሚናገረው የለም፤ ብቻ ሴቶቹ ሲያስፈጩ ዓይናቸውን ዱቄቱ ከሚወርድበት ቋት አይነቅሉም። ልጅ ሊያጩለት የላካቸው ሽማግሌዎችም በልጅቷ አባት «ነገሩ ይጥራና እናያለን» ተብለው ተመለሱ።

ያን ክረምት መጻፍ ጀመርኩ። ቺንጋውን በቤተ ክርስቲያን ደወል ለወጥኩት፤ ሰዎቹን ግን ብዙም አልለወጥኳቸው። ወረፋ ስንጠብቅ አነብላቸዋለሁ። ሞተሩ ሲጮህ ስለማይሰማ፣ ፈጪው ራሱ ያጠፋውና ዱቄት እንደለበሰ በሩን ተደግፎ ያዳምጣል። አንዳንዶች «ኧረ እህላችን!» ይላሉ፤ ሌሎቹ ዝም ያሰኟቸዋል። በየምዕራፉ ለአንዱ ሰው ደወሉን የሚሰርቅበት ምክንያት እሰጠዋለሁ። ደስታው አይነገርም፤ ቤቴ ስገባ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም።

አንድ ቀን፣ ፈጪው ሽማግሌ እንደላከባት ልጅ አባት ሲሄድ የሚያነክስ አዛውንት በደወሉ ቤት ጓሮ ታየ ብዬ አነበብኩ። አባትየው እዚያው ወረፋ ላይ ናቸው። አንዲት ሴት፣

«አባባ፣ ደወሉን የት ሸሸጉት?» አለቻቸው።

«አንቺ ከሰጠሽኝ ቦታ አላነሳሁትም» አሉ።

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፈጪው ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስንገናኝ «ዛሬስ ማን ሰረቀ?» መባባል ሆነ ሰላምታችን። ሴቶቹም ቋቱን መጠበቅ ተዉ።

ለመጨረስ ጥቂት ሲቀረኝ ፈጪው ቤቴ መጣ። በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ፣

«ጋሼ፣ ሌባው ማነው?» አለኝ።

መርጬ እንደጨረስኩ፣ እሑድ እንደማነበው ነገርኩት።

«አትጨርሳት። እስካላለቀች ሁላችንም ተጠርጣሪ ነን። ካለቀች እኔ ብቻዬን እቀራለሁ።»

ታሪክ ያለ መጨረሻ መተው፣ ለሚጽፍ ሰው እህልን ሳያጭዱ መሄድ ነው። እሑድ ግን ምንም አላነበብኩም፤ «ገና ነኝ» አልኳቸው። ተቆጡ፣ ለመኑኝ፣ በኋላ ራሳቸው ሌባውን እየቀያየሩ ይከራከሩ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ታሪክ ጽፌ ብዙ ሌባ አስይዣለሁ። ያቺ እንደቆመች ናት። በዓመቱ አባትየው ልጃቸውን ለፈጪው ሲድሩለት፣ በሰርጉ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣

«ሌባው እኔን ብታደርገኝም ግድ የለኝም። ብቻ መጨረሻዋን ንገረኝ» አሉኝ።

ሙሽራው ከዳሱ ማዶ እያየኝ ነው።

«እኔም አላወቅሁትም» አልኳቸው።