አስናቀና ያልተከፈተው ዝርዝር

በ1981 ዓ.ም. አስናቀ ወደሚሠራበት የባሕር ዳር መሥሪያ ቤት አንድ ኮምፒውተር መጣ። በከተማው ኮምፒውተር የነካ ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ ሁለት ወር ሠልጥኖ የተመለሰው አስናቀ ሊቀ ሊቃውንት ሆኖ ቁጭ አለ። ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ድምፁ የጠፋባቸው ወላጆች ይመጣሉ፤ እሱ የልጁን ስም ይጽፋል፤ ማሽኑ የሟቾችን ዝርዝር ፈትሾ ስሙን ስንት ጊዜ እንዳገኘው በቁጥር ይናገራል። ሁልጊዜ ዜሮ ነው። አስናቀም «ከሟቾች ዝርዝር ውስጥ የለም» ብሎ በቁራጭ ወረቀት ይጽፍና ማኅተም ያሳርፍበታል። ወላጆቹ ወረቀቱን ስመው ይወጣሉ።

ያን ያህል ሰው ጠይቆ አንድ ሟች እንኳ አለመገኘቱ እንዴት አላስጠረጠረውም? እንዳትፈርዱበት። ታናሽ ወንድሙ ክንዱም ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የክንዱም መልስ ዜሮ ነበር። እንዲህ ያለውን መልስ ማን ይመረምራል? እናታቸው ወይዘሮ አገርነሽ በየወሩ አንድ ማክሰኞ ከዱርቤቴ በአውቶቡስ እየመጡ፣ ማሽኑ ሲመልስ በዓይናቸው ዓይተው፣ ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመለሳሉ። ጎረቤት ስለ ተዝካር ሹክ ሲላቸው ወረቀቱን ያወጣሉ።

በ1982 ጥር ላይ ግን በክራንች የሚሄድ አንድ የተሰናበተ ወታደር የጓደኛውን እናት ይዞ መጣ። አስናቀ የጓደኛውን ስም፣ አዘዘን፣ ከነአባቱ ስም ጻፈ። ዜሮ። ሴትዮዋ ፊታቸው ሲበራ ወታደሩ አንገቱን ደፋ።

«አዘዘን እኮ በእጄ ነው የቀበርሁት» አለ። «አዛዡ ሲመዘግበው ቆሜ ዓይቻለሁ።»

አስናቀ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። ስም የሚፈልገውን ፕሮግራም የጻፈው ሰው አይታወቅም፤ የቀረው ማሽኑ ብቻ የሚያነበው ቁጥር ነው። ከሥልጠናው ያመጣው ዲበገር የሚባል መሣሪያ ግን ነበረው፤ ፕሮግራምን በአንድ በአንድ ትእዛዝ እያስቆመ ሆዱን የሚያሳይ። ፕሮግራም በራሱ ዲስክ ከፍቶ ማንበብ አይሆንለትም። ሁሉን ነገር ማሽኑን የሚያስተዳድረውን ሲስተም ጠርቶ ነው የሚያስፈጽም፤ ክፈትልኝ፣ አንብብልኝ፣ ስክሪኑ ላይ ጻፍልኝ ይላል። አስናቀ በየምሳ ሰዓቱ እየተቀመጠ እያንዳንዱን ጥሪ አድብቶ ጠበቀ፤ ጥያቄውንም መልሱንም በደብተር ጻፈ። ስድስት ቀን ፈጀበት።

በስድስተኛው ቀን የሟቾችን ዝርዝር ክፈትልኝ የሚለው ጥሪ ላይ ደረሰ። አንድ እርምጃ አራመደው። ሲስተሙም እንዲህ ያለ ፋይል የለም ሲል መለሰ። አስናቀ ፕሮግራሙ ይህን ሲሰማ ምን ያደርግ ይሆን ብሎ ጠበቀ። ምንም አላደረገም። መልሱን ዘወር ብሎ ሳያይ አለፈና ካልተከፈተው ዝርዝር አንብብልኝ አለ። ምንም አልመጣለትም፤ ምንም ካልመጣ ደግሞ የተገኘ ስም የለም። ዜሮ።

በክንዱ ስም ደገመው። እርምጃው ያው ነው። ማሽኑ ወንድሙን አንድም ቀን አልፈለገውም ነበር። አስናቀ እጁ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ እንባው መጣ፤ ክንዱ እንደገና የጠፋ መሰለው።

አለቃው አቶ ሣህሉ ክፉ ሰው አልነበሩም። አስናቀ ዝርዝሩ ያለበት ዲስክ የት እንደሆነ ሲጠይቃቸው ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ዝርዝሩ መቼ መጣና ነው?» አሉ። «ይላካል ተብሎ ቀረ። ማሽኑ ግን መጥቷል፣ ሰዉም በር ላይ ተሰልፏል። ደስ ብሏቸው እኮ ነው የሚሄዱት፣ አስናቀ።»

ለሰዉ እውነቱ ይነገር ቢላቸው፣ ዝርዝሩ የለም ማለት ሟች ተደበቀ ማለት እንደሆነ፣ ይህን የተናገረ ሰው ደግሞ የት እንደሚያድር እሱም እንደሚያውቅ ነገሩት። አስናቀ ያውቃል። ሦስት ልጆች አሉት። ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ማክሰኞ ወይዘሮ አገርነሽ መጡ። እንደ ወትሮው ከጀርባው ቆሙ። አስናቀ የክንዱን ስም ጻፈ፤ ዜሮ መጣ። ቁራጭ ወረቀት ቀድዶ ጻፈበት። ማኅተሙን አንሥቶ ግን ማሳረፍ ከበደው፤ ካሳረፈው በኋላም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

እናቱ ወረቀቱን አልተቀበሉም። «አስናቀ፣ እስከ ዛሬ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ትስቅ ነበር» አሉ።

አስናቀ ወረቀቱን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። ወይዘሮ አገርነሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ለበሱት። ከዚያም ሌሎቹ ወላጆች እንዳይሰሙ አፋቸውን በነጠላው ይዘው አለቀሱ።

አስናቀ «እምየ፣ አልሞተም» ሊል አፉን ከፈተ። አልሞተም ለማለትም ማስረጃው ያው ዜሮ ብቻ ነበር። አፉን ዘጋና የቀጣዩን ልጅ ስም ጠየቀ።