ማተብ ላይ የታሰረ ፍላሽ

ቃሊቲ ውስጥ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ሰው የሚፈልገኝ ግን ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስበት ብቻ ነው። በሥራዬ እንደ ፍላሽ ያበሳጨኝ ነገር የለም። እኛ ቢሮ ፍላሽ እንደ እስክርቢቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መዝሙሩም፣ መንዙማውም፣ የሠርግ ቪዲዮውም፣ የግብር ሰነዱም አንድ ላይ ታጭቆበት፣ ማታ ሳሪስ ፎቶ ቤት የተሰካው ጠዋት ሒሳብ ክፍል ይሰካል። እባካችሁ ብል ማን ሰምቶኝ።

አንድ ቀን በፍላሽ የመጣ ቫይረስ የካርቶን መለያ የሚያትመውን ኮምፒውተር ቆለፈውና የምርት መስመሩ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ጠርተው የፍላሽ ቀዳዳ ሁሉ ይዘጋ አሉኝ። ደስ እያለኝ ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚገባ ፍላሽ በር ላይ፣ ጥበቃ ቤት ባስቀመጥነው ከሌላው ጋር ባልተገናኘ ኮምፒውተር ይመረመራል፤ የሥራ ፋይል ካለበት እኔ ገልብጬ አስገባለሁ። የበሩ ጥበቃ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ሥራውን ወደዱት። የተከፈተውን ፋይል ሁሉ እስከ መጨረሻው ሳያዩ አያሳልፉም።

መዝገብ ቤት የሚሠሩት እትዬ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሴት ናቸው። ፍላሻቸውን ከመስቀላቸው ጋር ማተባቸው ላይ ነው የሚያስሩት። ጥበቃው ግራ ገብቷቸው አስጠሩኝ።

«ማተብዎን ይፍቱ እንዴት ልበላቸው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

እትዬም የመፍታት ሐሳብ አልነበራቸውም። ወንበር ስበው ተቀመጡና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ፍላሹን ከነማተቡ ሰኩት። ክሩ አጭር ስለሆነ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሳቄ ቢመጣም ዋጥኩት።

ፍላሹ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ብቻ ነበር። ልጃቸው ጀሪካን ተሸክሞ የኮንዶሚኒየም ደረጃ እየወጣ፣ «እማ፣ አትቅረጪኝ እንጂ» እያለ ይስቃል። የቀረጹበትን ስልክ ሳሪስ አቦ ላይ ተመንትፈዋል፤ ፎቶ ቤት አስቀድሞ ባይገለብጥላቸው ኖሮ ይሄም አይተርፍም ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሯቸው ከፍተው ያዩት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አሁን እኔ ዘግቼባቸዋለሁ። ሥራ አስኪያጁን ለእሳቸው ብቻ እንድከፍት ብለምናቸው፣ «ለእሳቸው ከከፈትክ ለማን ልትዘጋ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው።

መመሪያው ፍላሽ ይመርመር ይላል እንጂ ስንት ጊዜ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ እትዬ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ለምርመራ ይመጡ ጀመር። ጥበቃው በሙሉ ቁምነገር ይመረምራሉ፤ ቪዲዮው ሲያልቅ ሳቅ ብለው «ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነው» ይላሉ፤ እትዬም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

ክረምት ገባና ግቢው ጭቃ ሆነ። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሲመላለሱ ሳይ አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ አዲሱ ስልክዎ ላይ ልጫንልዎት። ቤትዎ ሆነው እንደ ልብዎ ያዩታል» አልኳቸው።

«ቤት አላየውም» አሉና እጄን ይዘው ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። «በሊቢያ በኩል ከሄደ ወዲህ ድምፁ የለም፣ ልጄ። አባቱ ቁርጣችንን አውቀን ለቅሶ እንቀመጥ ይላል። ፎቶውን ሁሉ ከግድግዳ አውርዶ ቆልፎበታል። ቤት ከከፈትኩት ያለቅሳል፤ እሱ ሲያለቅስ ደግሞ እኔም የሞተ ይመስለኛል። እዚህ ግን ስቆ የሚያይልኝ ሰው አለ።»

 ጭቃውን እያሻገርኩ እስከ ቢሯቸው ሸኘኋቸው።

በማግስቱ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰኩ። እኔም በሩ አጠገብ ዝናቡን ተጠልዬ ቆሜ ነበር። ቪዲዮው ሲያልቅ ጥበቃው፣ «ለመሆኑ ይሄ ልጅ አሁን የት ነው ያለው?» አሉ።

«ውጭ ነው» አሉ እትዬ።

«ይደውላል?»

እትዬ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደታሰሩ ዓይናቸውን ብቻ ወደ እኔ መለሱ።

«ይደውላል» አልኩ ቀድሜያቸው።

ጥበቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎሽ። ሲደውል ሰላም ይበሉልኝ እንግዲህ።»

«እሺ፣ እላለሁ» አሉ እትዬ።