የማርሊስ የዓርብ ቅጂ

ማርሊስ በአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ባለው የእህል መጋዘናችን ሠላሳ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ሠርታለች። ሐሜት አትወድም፤ ስለ ራሷም አታወራም። ሚዛን ላይ የምሠራው እኔ ቬርን ግን አፌ አያርፍም፣ እጄም አያርፍ። ኮምፒውተር ስለምነካካ ቢሮው ውስጥ የተበላሸው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ጥፋቱም ከዚሁ መጣ።

በጥር አንድ ማክሰኞ የማርሊስ ኢሜይል አዲስ ደብዳቤ አልቀበል አለ። ፕሮግራሙ የመጣውንም የተላከውንም የሚያከማቸው በአንድ ፋይል ነው፤ እሱ ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከባንክ እስክትመለስ ልገላግላት ብዬ የተጣሉ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበትን ማህደር ጠራርጌ ባዶ አደረግኩት። ፋይሉ በግማሽ ቀነሰ። ጎበዝ ነኝ አልኩ።

ተመልሳ ስታየው ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁጭ አለች።

«ቬርን፣ እዚህ የነበሩት የት ሄዱ?»

«ቆሻሻውን ነው? ጠረግኩልሽ እኮ! ምሳ በአንቺ ነው።»

«ቆሻሻ አይደለም» አለች። «የሮንዳ ደብዳቤዎች ናቸው።»

ሮንዳ ማን እንደሆነች ያን ቀን ነገረችኝ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወልዳት፣ ወላጆቿ አስገድደው በጉዲፈቻ ያሰጡባት ልጅ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ልጅቱ ፈልጋ አገኘቻት፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይጻጻፋሉ። የማርሊስ ባል ኦርቪል ግን አያውቅም። ቢሮ ሲመጣ በእሷ ኮምፒውተር የአየር ትንበያ ስለሚያይ፣ የተጣለ ነገር ማን ከፍቶ ያነባል ብላ እዚያ ደበቀቻቸው።

«የዓርብ ቅጂ አለኝ!» አለች ድንገት።

እውነትም በየሳምንቱ ዓርብ ፍላሽ ላይ ትገለብጣለች፤ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ። ፍላሹን ስሰካ ላብ አጠመቀኝ። ከፈትኩት። ያለው ስክሪኑ ላይ የሚጫኑት የፕሮግራሙ ምልክት ብቻ ነው፤ ደብዳቤዎቹ ያሉበት ፋይል የለም። አራት ዓመት ሙሉ የበሩን ቁልፍ እያስቀመጠች ቤቱን ትታዋለች። ፋይሉ የት እንዳለ አላሳየኋትም። አንድ ዓርብ እንኳ ቅጂውን ከፍቼ አላየሁላትም። አሁን ብነግራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አፈርኩ።

«ሮንዳ ጋ ቅጂ አይኖርም?»

«ይኖራል። ግን ምን ብዬ ልጠይቃት? አንዴ ለሰው ሰጠሁሽ፣ አሁን ደግሞ ደብዳቤሽን ቆሻሻ ውስጥ አስቀምጬ ጠፋብኝ ልበላት?»

«ቬርን የሚባል ደደብ አጠፋው በያት።»

«አንተ ዝም በል!»

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ሐሙስ እውነቱን ሳትሸሽግ ጻፈችላት። ዓርብ መልስ የለም። ሰኞም የለም። ኮምፒውተሩ ጢን ባለ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን፤ የእህል ዋጋ ሆኖ ይገኛል። ልጅቱ ተቀይማ ብትቀርስ?

ማክሰኞ ጠዋት መልሱ መጣ። ማርሊስ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሁሉም አለኝ። በኢሜይል ግን አልልክም። አትሜ በቤትሽ አድራሻ በፖስታ ልኬዋለሁ፤ ዛሬ ይደርሳል። ስሜንም ላዩ ላይ ጽፌዋለሁ። ከእንግዲህ መደበቅ አልፈልግም።»

ከቤታቸው ሳጥን ፖስታ የሚያወጣው ኦርቪል ነው። የማርሊስ ፊት አመድ መሰለ። ሰዓቱን አየች፤ ስልኩን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሳችው።

«ኦርቪል፣ ፖስታ አወጣህ እንዴ? አላወጣህም? ጎሽ፣ ተወው። አይ... ግዴለም አውጣው። ግን ከመውጣትህ በፊት እስቲ ቁጭ በል። ቁጭ አልክ?»

እኔ መውጣት ሲገባኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ልጅ አለችኝ» አለችው።