«እሺ ጌታዬ» የጠየቁት አንድ ጥያቄ

እውነቱን ለመናገር ሰውየውን በቅጡ አላውቃቸውም። አንድ ሆቴል ውስጥ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ አንሶላ ክፍል፣ እሳቸው ሻንጣ ተሸካሚ። ሁላችንም «እሺ ጌታዬ» ነበር የምንላቸው፤ ከዚህ ሌላ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ የለማ። ሻንጣ ተሸካሚ አይጠይቅም፣ እንቢም አይልም፤ የቤቱ ደንብ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከአንዲት እንግዳ ክፍል የወርቅ ቀለበት ጠፋ። እንግዳዋ «ማይ ሪንግ! ማይ ሪንግ!» እያለች ፎቁን አናወጠችው። ክፍሉን የምታጸዳዋ ልጅ ከሥራ ታገደች። «እስከ ነገ ካላመጣሽ ፖሊስ እጠራለሁ» አላት የፎቁ ኃላፊ፣ ሁላችንም ፊት። እያለቀሰች ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ሁሉ፣ የፎቁ ኃላፊም ጭምር፣ ምግብ አዳራሹ ውስጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነበረን። ሥራ አስኪያጇም ልታይ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። የዕለቱ ትምህርት በ«ዱ ዩ» መጠየቅ፣ በ«ኖ፣ አይ ዶንት» መካድ ነው። እውነትም ይሁን ውሸት፣ የተጠየቀ ሁሉ እንዲክድ አስተማሪው አዟል።

ምግብ አብሳይዋ ወደ ቦርጫሙ ዘበኛ ዞራ «ዱ ዩ ኢት ኤ ሎት?» አለችው፤ ብዙ ትበላለህ ወይ ማለቷ ነው።

«ኖ፣ አይ ዶንት!»

በሳቅ ፈረስን። «ምን ያስቃችኋል? ሆዴን ተዉትና አፌን እመኑ!» አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ? ዛሬ እንኳ አንድ ይጠይቁ» አላቸው አስተማሪው።

«ዛሬ እሺ ጌታዬ አይሠራም!» አለ ዘበኛው።

ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደ ፎቁ ኃላፊ ዞሩና ቀስ ብለው፣ «ዱ ዩ... ሃቭ... ዘ ሪንግ?» አሉ።

ቀለበቱ አንተ ጋ ነው ወይ ማለታቸው ነው። ክው አልን። ቢሆንም ኃላፊው «ኖ፣ አይ ዶንት» ቢል ኖሮ ስቀን እናልፈው ነበር፤ ሁሉም ሲክድ ነው የዋለው። ፊቱ ግን አመድ መሰለ። እንግሊዝኛው ጠፋበትና በራሳችን ቋንቋ፣

«ማን ነገረህ?» አለ።

አስተማሪው ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ምግብ አብሳይዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሥራ አስኪያጇ ብቻ ተነሥታ፣ «ና፣ ቢሮ እንነጋገር» አለችው። ተከትሏት ወጣ።

በማግስቱ ልጅቷ ባልዲዋን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ አየኋት። ኃላፊው አልነበረም። ቀለበቱ ከየት እንደተገኘ የነገረን የለም።

ድንጋጤው አልለቀቀኝም። እንደምንም ደፍሬ ሰውየውን ሻንጣ ተሸክመው ሲያልፉ ደረጃው ሥር አስቆምኳቸው።

«ጋሼ፣ በምን ዐወቁ? አይተውት ነው?»

ሻንጣውን ትከሻቸው ላይ አደላደሉና ወደ መውጫው በር በአገጫቸው ጠቆሙ።

«እህቴ፣ እስቲ በሩን ያዢልኝ» አሉኝ፤ ሰው ሲያዝዙ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።