ገመድ ያዦች

ትከሻዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። አላማከረኝም፣ ማመልከቻም አላስገባም፤ አንድ ቀን ጠዋት ክንዴን ወደ ላይ ሳነሣ እምቢ አለኝ፣ በቃ። የተቀረው አካሌ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ሥራዬም ዛፍ ላይ ነው።

ዛፍ ቆራጭ ነኝ ስል ጫካ የምመነጥር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ የማውቀው የሰው ደጅ ዛፍ ነው። ቤት ላይ ያጋደለ፣ የመብራት ሽቦ የታከከ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ባለቤቱን ከአልጋው የሚያስነሣ ዛፍ ሲኖር መተማ ላይ የሚጠራው እኔ ነኝ። ሽንፋ ድረስም እጠራለሁ። አንዴ አብደራፊ፣ የሰሊጥ መጋዘን ላይ የተኛ ዛፍ ላነሣ ሄጄ፣ ከሙቀቱ የተነሣ የተመለስኩት ግማሼ ነው፤ ሌላው ግማሼ መንገድ ላይ ተንኖ ቀርቷል። አለቃ የለኝም። አለቃ የሌለው ሰው የሚያማው ስለሌለው ራሱን ያማል፤ እኔም ዛፍ ላይ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ራሴን ሳማ እውላለሁ።

ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሞተር መጋዙ ነው። ይጮሃላ! የሚጮህ ነገር ሁሉ ዋና ይመስላል። ሁለት አለኝ። ትልቁ ጥጃ ያህላል፤ የሚጠጣው ግን የላም ነው፣ እሱም ቤንዚን። ቤንዚን ደግሞ እኛ ዘንድ አንዳንድ ሰሞን እንደ ሽቶ በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር ነው። ትንሹ ቀለል ይላል፤ ጠባዩ ግን የሙሽራ ነው፣ ለምነህ ለምነህ ነው የሚነሣልህ። የማልለየው መሣሪያዬ ከቀበቶዬ ላይ የሚንጠለጠለው ቆልመም ያለ የእጅ መጋዝ ነው። እሱ ቤንዚን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትከሻ ነው፣ ትከሻ ደግሞ የለም።

ለአናቴም የሞተር ሳይክል ሄልሜት ሞክሬ ነበር። በመተማ ሚያዝያ ያን ነገር መድፋት ጭንቅላትን ድስት ውስጥ ከቶ መክደን ነው፤ ሐሳቤ ሁሉ በስሎ በጆሮዬ ወጣ። አሁን የግንበኞቹን ቀላል ቆብ ነው የማደርገው። ቀበቶዬን የሰፋልኝ የመኪና ወንበር ሰፊ ነው፤ ሲሰፋው «ይህ እንኳን አንተን፣ ሹፌሩን ከነተሳቢው ያንጠለጥላል» ብሎኛል። ባለቤቴ ግን ይህን ሁሉ ጓዝ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስታይ፦ «ይህን ሁሉ ብረት ከምትሰበስብ፣ አንድ ቀን እንኳ ጉልበት ገዝተህ ብትመጣ ምናለበት?» ትላለች። ገበያ ላይ እንደሌለ ብነግራትም አታምነኝም።

ገመድ ላይ ግን አልቀልድም። የሚያብረቀርቀው የፕላስቲክ ገመድ ለዓይን ያምራል፤ ክብደት ሲጎትተው ግን ይሸሻል፣ ሲሸሽም መዳፍ ይጠብሳል። እኔ የምገዛው የጭነት መኪና ሹፌሮች በሰሊጥ ኩንታል ላይ ሸራ የሚያስሩበትን ወፍራሙን ነው። አሠራሬ እንዲህ ነው፦ የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ አስራለሁ፣ ገመዱን ከበላዩ ባለ ጠንካራ ባላ ላይ አሳልፌ ጫፉን ወደ ታች እለቃለሁ፣ ታች ያለው ሰው ጫፉን ግንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ይጠመጥመዋል። ከተጠመጠመ ክብደቱን የሚሸከመው ግንዱ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሻይ እየጠጣ በሌላው ቅርንጫፉን ቀስ እያደረገ ያወርደዋል። ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። እንደ ስሜ የማውቀውን ነገር ነው እንግዲህ በሰኔ የተውኩት።

የጠራችኝ ሻይ ሻጭ ናት። ለዓመታት ራኩባ ውስጥ፣ በሣርና በእንጨት ጥላ ሥር ኖራ፣ ባለፈው በጋ ነው የቆርቆሮ ቤት የሠራችው። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ እየገዛች፣ አልጋዋ ሥር እያስተኛች ነው የሰበሰበችው። ደጇ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። በዚያ ሰሞን የተነሣው ነፋስ የኒሙን ትልቁን ቅርንጫፍ ከሥሩ ሰንጥቆት፣ በቤቷ አናት ላይ አጋድሎ ነበር። ክረምቱ ደርሷል። ቅርንጫፉ ከወረደ ጣሪያው አብሮ ይወርዳል፤ እሷም ከነልጆቿ ወደ ራኩባው ትመለሳለች፣ ያውም በዝናብ።

«ዛፉን ግን እንዳትነካብኝ» አለች። «ጥላው እንጀራዬ ነው። ያን አንዱን ብቻ አውርድልኝ።»

«እሺ እትዬ።»

«ቆርቆሮዬን ደግሞ እንኳን ቅርንጫፍ፣ ጥላህም እንዳይነካብኝ።»

«ጥላዬ ቀጭን ነው፤ አይጎዳውም።»

«አትቀልድ ስልህ! ይኸው ከነፋሱ ወዲህ ዓይኔ አልተከደነም።»

ያ ኒም ሌላም ሥራ አለበት። በሰሊጥ አረም ሰሞን ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ጠዋት ጠዋት እሱ ሥር ተቀምጠው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ የበለሳው ልጅ፣ ሁሉም መኮትኮቻውን ጭኑ ላይ አድርጎ መንገዱን ያያል። መኪና ጡሩንባ ሲነፋ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይነሣል። ቀድሞ የተሳፈረ ሥራ አገኘ፣ የቀረ ለነገ ተቀመጠ። ይህን የማያውቅ የከተማችን ውሻ እንኳ የለም፤ ጡሩንባ ሲሰማ ከመንገድ ይነሣል።

ሥራ ፈትተው ስለነበር ሲያዩኝ ከበቡኝ። ገመዱን ስለቀው ከአንዱ እጅ ሌላው እየነጠቀ ያዙልኝ። ትንንሾቹን ጭራሮዎች እንደዚያው በእጃቸው ይዘው አወረዱልኝ፤ ቅርንጫፍ ሳይሆን ላባ ነው የመሰለኝ። በየመሐሉ ግንዱ ላይ ጠምጥሙ፣ ፍቱ፣ እንደገና ጠምጥሙ ማለቱ ሰለቸኝ። ደመናው ከሱዳን በኩል እየጠቆረ ነው። ትከሻዬ እያለቀሰ ነው። ይህ ሁሉ ጎረምሳ እያለ ግንድ ምን ያደርግልኛል አልኩ። ትልቁም ላይ ስደርስ አላስጠመጠምኩም።

«ጋሼ!» አለኝ አንዱ ወሎዬ ከታች። «ከዚያ ሆነህ አገር ቤት ይታይሃል?»

«ይታየኛል! እናትህ ደኅና ናት። ሸሚዝህን ለታናሽህ እየሰጠችው ነው።»

«የትኛውን?»

«ሁለት አለህ እንዴ?»

ታች ሳቁ። በሳቁ መሐል ግንዱን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሡና የገመዱን ጭራ ያዙ። ጎጃሜ ናቸው፤ ከእኔም በዕድሜ ይበልጣሉ። ከሳምንት በላይ እዚያው ቦታ ሲቀመጡ አይቻቸዋለሁ፤ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ደላላ ሁልጊዜ ክንዳቸውን አየት ያደርግና ያልፋቸዋል።

«አባቴ፣ አንቱ ይረፉ፤ ሰው ሞልቷል» አልኳቸው።

«ማረፉ ነው ያደከመኝ» አሉ።

ትልቁን መጋዝ አስነሣሁ። ከላይ ጀመርኩ። ኒም ተሰባሪ እንጨት ነው፤ እየተቆረጠ ሳለ ይንጣጣል። ከግማሽ በላይ ስሄድ ቅርንጫፉ ጎንበስ አለ፣ ገመዱም ተወጠረ።

«ያዙ!» አልኩ።

«ይዘናል!»

ጡሩንባው የተነፋ ያኔ ነው።

እውነቴን ነው፣ ገመዱን ጥለው በመሮጣቸው አልፈርድባቸውም። እግራቸው ነው የሰማው፤ ጆሯቸው ቢሰማ ኖሮ ምናልባት ትንሽ ያስቡ ነበር። የገመዱ ውጥረት ሲለቅ ከመጋዙ ጩኸት በላይ ተሰማኝ። ቅርንጫፉ አንድ ክንድ ያህል ወረደ፣ ቀሪው እንጨት መጋዜን ነክሶ ያዘው፣ ሞተሩ ጠፋ። ገመዱ በባላው ላይ እየሮጠ፣ በፊቴ እያለፈ ወደ ላይ ይወጣል። ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር ያያያዘው ልጡና ጥቂት ስንጥር ብቻ ነበር። ከሥር ሻይ ሻጯ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና አየኋት። እንደዚያ አድርጎ የሚቆም ሰው ቤቱን እየተሰናበተ ነው።

ገመዱ ቆመ።

ወደ ታች ሳይ ሽማግሌው ናቸው። ብቻቸውን። ተረከዛቸው ጭቃውን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀው ወደ ግንዱ ይጎተታሉ፤ ግን አልለቀቁም።

«አባቴ! በግንዱ ዙሪያ ይሂዱ! ይዙሩት!»

«በየት በኩል?»

«በፈለጉት! ብቻ ይዙሩት!»

እንደ አውድማ በሬ አንገታቸውን ደፍተው ግንዱን መዞር ጀመሩ። አንዱን ዙር እንዴት እንደጨረሱት አላውቅም፤ ለእኔ አንድ ሁዳዴ ፈጀብኝ። ሻይ ሻጯ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች፣ ከኋላቸው የገመዱን ጭራ ያዘችና አብራ ዞረች። ሁለተኛው ዙር ሲሞላ ገመዱ ግንዱን ነከሰ። ያ ሁሉ ክብደት ከሁለት ሰው እጅ ወጥቶ ወደ ኒሙ ሄደ። የቅርንጫፉ ጫፍ ግን ቀድሞ ወርዶ ቆርቆሮውን ኳ አደረገው። አንድ ጊዜ ብቻ።

«ነካው!» ብላ ጮኸች፤ ገመዱን ግን አልለቀቀችም።

መጋዜ እንጨት አፍ ውስጥ ነው፤ ጥጃ ያህላል ያልኩት መሣሪያ እንደ ጥርስ ፍርፋሪ ተሰክቶ ቀርቷል። የእጅ መጋዙን ከቀበቶዬ አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ትከሻዬ ይናገር፤ እኔ የማስታውሰው መጋዙ በተሳበና በተመለሰ ቁጥር ማቃሰቴን ነው። ስንጥሩ ሲበጠስ «አሁን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ» አልኩ። ቅርንጫፉ መጋዜን ይዞ፣ እንደ ሙሽራ ዝግ ብሎ ወረደና በበሩና ዚር በምንለው የውኃ ጋን መካከል አረፈ።

ወርጄ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ ሻጯ የሽማግሌውን ቀኝ መዳፍ ገልጣ እያየች ነበር። ገመዱ ቆዳውን ወስዶታል። ከዚሩ ቀዝቃዛ ውኃ ቀድታ እጃቸውን ነከረችው፣ ከዚያ ነጠላዋን ቀዳ አሰረችላቸው።

«ለምን አልሮጡም?» አልኳቸው።

«ወዴት?»

«መኪናው መጥቶ የለም እንዴ!»

«መኪናው እኔን ብሎ መጣ?» አሉ፣ ውኃው ሲነካቸው ፊታቸውን ጨፍገግ አድርገው። «ሰሊጥ ላርም ነው የመጣሁ። ማንም አላሳረመኝ። ዛሬ ይኸ ገመድ እጄ ገባ፤ ምን ብዬ ልልቀቀው?»

ቆቤን አውልቄ አጠገቤ አስቀመጥኩት።

ሳይሳፈሩ የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው እየተመለሱ ነበር። ወሎዬው ራቅ ብሎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ወረድክ?»

«አልወረድኩም። ይህ የምታየው ነፍሴ ናት፤ ሻይ አምሯት ነው።»

«በሞቴ ይቅር በለን። ጡሩንባ ስሰማ እጄ የት እንዳለ አላውቅም።»

«ገመድ ላይ አልነበረም፣ ይህን ልነግርህ እችላለሁ። ተሳፈርክ ታዲያ?»

«ሞላ።»

«ና እንግዲያው፣ ይህን ቅርንጫፍ ከበሩ ላይ አንሣ።»

አነሡት። ሻይ ሻጯ ሣጥን ላይ ቆማ ጣሪያዋን ዳሰሰች። የጭልፋ ሆድ የሚያህል ጎድጓዳ አበጅቷል።

«ተቀዷል?» አልኳት።

«በዓይን አይታይም።»

«ታዲያ ደኅና ነው።»

«ዝናቡ ነው የሚነግረኝ» አለች። «አንተን አላምንህም።»

ብዙ አላስጠበቀንም። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ ኒሙም የቀረለትን ሁሉ አወዛወዘ፤ ቤቱ ላይ የሚያጋድል ግን አልነበረውም። ቀጥሎ ዝናቡ ወረደ። የቆላ ዝናብ አይንጠባጠብም፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ባሕሩን ይዞ ይገለብጠዋል። ሁላችንም እቤት ገብተን ግድግዳውን ታከክን። የቆርቆሮው ጩኸት አላነጋግር ስላለን ወደ ላይ፣ ወደዚያች ጎድጓዳ አየን። ሻይ ሻጯ ከጎድጓዳዋ ሥር ሳፋ አስቀምጣ፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ሳፋውን ታያለች። ልጆቿም ያያሉ። ወሎዬውም አንገቱን አንጋጦ ያያል።

ቆየን። ሳፋው ደረቅ ነው። እጇን ሰድዳ ከውስጥ ዳሰሰችው፣ እጇንም አየችው። ከዚያ ሳፋውን አንሥታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችውና ማንንም ሳታይ ከሰሉን ማራገብ ጀመረች።

ጣሪያው እንዳላፈሰሰ ለሽማግሌው ልነግራቸው ዞር አልኩ። በነጋታው ሽንፋ ሥራ እንዳለኝ፣ ገመድ የሚይዝልኝ ሰው እንደምፈልግም ልጨምርላቸው አስቤ ነበር። ግድግዳውን እንደተደገፉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ያልታሰረው እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተጨበጠ ነው፤ ገና የሚይዙት ነገር ያለ ይመስላል። አልቀሰቀስኳቸውም። የረጠበውን ገመድ ጠቅልዬ አጠገባቸው አስቀመጥኩና፣ እኔም ለጡረተኛው ትከሻዬ ግድግዳ ፈለግኩለት።