ገርባ ጪኮ የበላ ሰሞን

ሲስተር ሸዋወርቅን ያስቸገራት ማሽኑ አልነበረም፤ ሰው ነበር። አዳማ በምትሠራበት ሆስፒታል ከለጋሽ ደም ስቴም ሴል የሚለይ ማሽን ሲተከል ሥልጠናዋን ጨርሳ ተዘጋጅታ ጠበቀች። ማሽኑ ላይ የሚቀመጥላት ለጋሽ ግን ጠፋ። ስቴም ሴል ሌላውን የደም ሕዋስ ሁሉ የሚወልድ ሕዋስ ነው፤ መኖሪያው አጥንት ውስጥ ያለው መቅኒ ነው። ታዲያ የታማሚ ዘመድ «መቅኒ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ወገቡን ይዞ ይወጣል፤ አከርካሪዬ ተወግቶ ሽባ ሆኜ እቀራለሁ ብሎ።

የመጀመሪያው ደፋር ከባቱ መጣ። ገርባ ይባላል፣ ዓሣ አስጋሪ ነው። የሃያ ዓመት እህቱ የጂጂ መቅኒ ደም መሥራት አቁሞ ነበር። ከአራት ወንድምና እህቶቿ ሕዋሱ ከእሷ ጋር የገጠመው እሱ ብቻ ሆነ።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «ወገቤን ከነካሽው ጀልባውን ማን ይቀዝፋል? ሚስት እንኳ ገና አላገባሁም!»

«ወገብህ ይቆይልህ። የምፈልገው ክንድህን ነው፤ ሁለቱንም።»

ቁጭ ብላ አስረዳችው። አምስት ቀን መርፌ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ሕዋሶቹን ከመቅኒ እያስወጣ ወደ ደም ሥር ይነዳቸዋል። ከዚያ ደሙ ከአንዱ ክንድ ወጥቶ ማሽኑ ውስጥ በፍጥነት ይሽከረከራል። ከባዱ ቀይ ደም ወደ ዳር ይሸሻል፣ ቀላሉ ቢጫ ፈሳሽ መሃል ይቀራል፣ በሁለቱ መካከል ስስ ንጣፍ ይሠራል። የሚፈለገው እዚያ ንጣፍ ውስጥ ነው። ማሽኑ እሱን ቀድቶ ሌላውን በሌላው ክንድ ይመልሳል።

«እንደ መረብ ነዋ! ቆሮሶ ዓሣውን ይዞ ውሃውን ለሐይቁ ይተዋል።»

«ልትለው ትችላለህ! ግን መረብ የሚይዘው በመጠን ነው፤ ይሄ የሚለየው በክብደት ነው» አለች ፊቷ በርቶ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ስታገኝ እጇን እያወናጨፈች ነው የምታወራው።

ሐኪሞቹ የጂጂን የታመመ መቅኒ በመድኃኒት ሙልጭ አድርገው አጠፉት። ከዚህ በኋላ መመለሻ የለም፤ የወንድሟ ሕዋስ ካልገባላት ደም የሚሠራላት ነገር የለም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ገርባ ተጋደመ፣ ማሽኑ መዞር ጀመረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጮኸ። ሸዋወርቅ አቆመችው፣ አስነሳችው፣ እንደገና ጮኸ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ደህና ናቸው። በመጨረሻ የተለየውን ፈሳሽ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ቢጫ መሆን ሲገባው ወተት መስሏል።

«ገርባ፣ ምን በልተህ ነው የመጣኸው?»

«ጪኮ ነዋ።»

«መቼ?»

«ጠዋት። ትናንትም። ከትናንት ወዲያም። እማዬ መቼ አቆመች?»

እናቱ አደ ወርቄ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «በደንብ ይመገብ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ገብሱን ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በቅቤ አሽቼ፣ በእጄ ነው ያጎረስኩት!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አደ ወርቄ። እርስዎ ቤት በደንብ መብላት ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ማሽኑ የንጣፉን ድንበር የሚያየው በብርሃን ነው። የቅቤው ስብ ደም ውስጥ ገብቶ ፈሳሹን ስላደፈረሰው ድንበሩ ጠፋበት።

«ልጄን ገደልኳት?» አሉ አደ ወርቄ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«የለም፤ ስቡ ከደም ይጠራል። ነገ እንሞክራለን።»

ሐኪሙ አንድ መርፌ ተጨምሮ በማግስቱ እንዲደገም ተስማማ። ከዚያ በላይ መጠበቅ ግን ለጂጂ አደገኛ ነው አለ። ያን ቀን ገርባ የበላው ቂጣና ቅቅል ድንች ነበር። «ይሄም ምግብ ሆኖ!» እያሉ ያጉረመረሙት አደ ወርቄ ራሳቸው ዘበኛ ሆነው ዋሉ፤ ጥየቃ የመጣችውን አክስት ሳይቀር ከነሳህኗ ከደጅ መለሷት።

በማግስቱ ፈሳሹ ቢጫ ሆኖ ወረደ።

«ሲስተር፣ ከንፈሬን ጉንዳን ወረረው» አለ ገርባ መሃል ላይ።

«ደሙ እንዳይረጋ የምንጨምረው መድኃኒት ካልሲየምህን ስለሚቀንሰው ነው» ብላ እንክብል ሰጠችው። ማሽኑ አምስት ሰዓት ሙሉ ሳይጮህ ዞረ። ከረጢቱ የቲማቲም ድልህ የመሰለ ነገር ያዘ፤ ላቦራቶሪው ቆጠረና በቂ ነው አለ። ዕለቱን ለጂጂ ተሰጣት። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የነጭ ደም ሕዋሷ ቁጥር ከፍ ማለት ጀመረ፤ የወንድሟ ሕዋስ ሥራውን ይዟል ማለት ነው።

ሸዋወርቅ አሁን የያዘችው ሌላ ሥራ ነው። ከወንድም ከእህት የሚገጥም ያጡ ታማሚዎች ብዙ ናቸውና ከባዕድ ለሚፈልጉት የፈቃደኛ ለጋሾች መዝገብ እያዘጋጀች ነው። ስልሳ ሦስት ሰው ተመዝግቧል፤ የሚያስፈልገው ብዙ ሺህ ነው። ዛሬ ወለንጪቲ ገበያ ከሽንኩርት ሻጮቹ ጎን ጠረጴዛ ዘርግታለች። ሑስና የምትባል ሻጭ ለምርመራ የጉንጭ ውስጥ የሚጠረግበትን፣ ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ጠርጥራ ታየዋለች።

«የምሰጠው ለማን ነው?»

«ገና አላውቀውም። ከአንቺ ጋር የሚገጥም ታማሚ ምናልባት ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።»

«ቢመጣስ?»

«ያኔ እደውልልሻለሁ፤ ያን ጊዜም እሺም እንቢም ማለት ትችያለሽ።»

ሑስና ሚዛኗን አስቀምጣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

«በይ እሺ፣ ቶሎ በይ፤ ደንበኛ እየመጣ ነው» አለችና አፏን ከፈተች።